የነፋስ ዓይን

ያ የመጀመሪያው ክረምት፣ እኔ ያልነበርሁበት፣
ትሬንት ወንዝ በብርዱ ግማሹ የረጋበት፣
የዴኖች ጀልባ ተጎትቶ አሸዋው ላይ ወጣ፤
ሊዘርፍ መጣ እንጂ ሊኖር ማን ሊመጣ?
አያቴ ኤልፍስታን ደፉ ላይ ቆሞ ነበር፣
ከጀርባው የገብስ ጎታ፣ ከፊቱ ያልታጠረ ድንበር።
መጥረቢያው ሲወርድ እናቴ አየችው፤
ስለቱ ሸራፋ ነው፣ እሱን ነው ያስተዋለችው።
«ሰው ሲሞት ሰው ያያል፣ እኔ ብረት አየሁ፤
ከአባቴ ፊት ይልቅ ሽርፉን ለየሁ»
ትለኝ ነበር ኋላ፣ ሱፍ እየፈተለች፣
የተበጠሰውን ክር በምራቅ እያራሰች።

በአራተኛው ዓመት ሠራዊት ደከመው፤
ሰይፍ የያዘው መዳፍ ሞፈር አማረው።
መሬት በገመድ ለክተው ዕጣ ጣሉበት፤
ለኬቲል የወጣው የአያቴ ርስት።
ያ ሸራፋ ብረት የኬቲል ነው።
ኬቲል አባቴ ነው።
ሁለቱን ነገር ባንድ ትንፋሽ ዛሬ ገና አልሁት፤
ስድሳ ዓመት ሙሉ ለየብቻ ያዝሁት።

እናቴ ሌዎፍሩን እንቁላል ልትሸጥ ስትወጣ፣
ስሙን ባፏ ብትል እሱ ሌላ ስም አመጣ፤
እሷ ጣት ዘረጋች፣ እሱም ጣት ቆጠረ፤
በሁለት ስም መሐል አንድ እንቁላል ተሰበረ።
«ሳቁ» ብል ባማረ፤ አልሳቀችም እናቴ፤
የተሰበረውን ሒሳብ ከፈላት አባቴ።
ኋላ ለመግባባት፣ በዳገት በቁልቁለት፣
የየቃሉን ጭራ ቆራርጠው ጣሉት።
እኔ እንግዲህ ያደግሁት ጭራ በሌለው ቃል፤
ቄሱ ሲሰማኝ ያዝናል፣ የገበያ ሰው ይስቃል።

ቤታችን ጭሳም ነበር፤ የእናቴ ዓይን ቀላ፤
መጥረቢያውን አነሣ አባቴ አንድ ቀን ኋላ።
እናቴም ተነሣች። ቢላ ነበር በእጇ።
(እኔ ያኔ ሆዷ ውስጥ ያልታየሁ ልጇ።)
መታ ግድግዳውን፤ ጭቃው ተፈረከሰ፤
ሰማይ ገባ ቤቱ፣ ጭሱ ወጥቶ ተነፈሰ።
«የነፋስ ዓይን» አለው በገዛ አገሩ አፍ፤
እናቴ ቢላዋን አስቀመጠች ከደፍ።
በዚያ ዓይን አሻግራ የምታየው ሌላ አይደል፣
የኤልፍስታን መቃብር፣ ሣር የለበሰ በደል።

ሕግም እነሱ አመጡ፤ ጉብታ ላይ ተቀምጠው፣
ዐሥራ ሁለት ሽማግሌ በቀለበት ምለው፣
ስለ ጠፋች ላም፣ ስለ ድንበር ድንጋይ።
ስለ ሞተው አያቴ አልተነሣም ጉዳይ።

አጃው በሚታጨድበት፣ በዐሥራ አራት ዓመቴ፣
ሌላ ጀልባ መጣ። ተነሥቶ አባቴ፣
ያንኑ መጥረቢያ፣ ሸራፋውን ይዞ፣
ኤልፍስታን የወደቀበት ደፍ ላይ ቆመ ደንዝዞ።
የመጡት ጠሩት እናቱ ባስተማረችው ቃል፤
እሱ ግን መለሰ እናቴ በሸጠችው ቃል፤
«የነሱ አይደለም» አለ፣ «ይህ የኛ ነው ድንበር»፤
«የነሱ» ያለበት ቃል የነሱው ነበር።

አሁን ደግሞ ከደቡብ የንጉሥ ጸሐፊ መጥቶ፣
«ከየትኛው ወገን ነሽ?» ይላል ቀለም አውጥቶ፤
«ከወራሪው ነሽ?» ይለኛል፣ «ወይስ ከተወረረው?»
ካንድ ገበታ በልቼ ምን ብዬ ልንገረው?
መንደሯን ኬቲልቢ ብሎ ሲጽፍ ዝም አልሁ፤
ወንዙን ትሬንት ሲለው ያኔ ግን ሳቅሁ።
ያን ስም ያወጡቱ እናቴንም ይቀድማሉ፤
የእናቴም ዘመዶች በጀልባ መጡ ይላሉ፤
ባለ ስሙን ሕዝብ ዛሬ አንድም ሰው አያውቀው፤
ስሙ ብቻ ነው ውሃ ላይ የቀረው።

ይጻፍ እንደ ፈቀደው።
ሽርፉን ልጄ ትናንት በሞረድ አጠፋው፤
እንጨት ሊፈልጥበት ነው፣ ምን ያውቃል፣ ምን ከፋው?
እኔ በነፋስ ዓይን ጉብታውን አየሁት፤
ሣሩ ረዝሟልና «ነገ እጨድ» አልሁት።